የወሎ ሙዚቃ፣ የድምፅ ሳይንስና የሙዚቀኛው ጤና፦ ምርምሩን ሙያ ማድረግ ለሚፈልግ

ጦሳ_ስር
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ ሙያ ነው። በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውና ክራር የሚደረድር ሰው በሙዚቃ አኩስቲክስና በሙዚቀኞች ጤና ላይ ተመራማሪ መሆን ቢፈልግ በየት በኩል ይግባ? ምን ይማር፣ በምን መሣሪያ ይጀምር፣ መጀመሪያስ ምን ይለካ? ሥራው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲና ወልድያ ላይ የሚሠራ ቢሆን እመርጣለሁ።

ቧንቧ_ውሃ
ወንድሜ፣ የዚህ ሙያ ሰው ቅኝት በጆሮው መለየት፣ ድምፅን በቁጥር መለካት፣ የሰውን አካል ደግሞ ከሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ ለመነጋገር የሚበቃውን ያህል ማወቅ አለበት። ሦስቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ትምህርት ክፍል ፍለጋ ጊዜህን አትፍጀው። ፊዚክሱ ካለህ የጎደለህ የሙዚቃ ጥናቱ ነው። ለዚያ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር ነው። የመስክ ሥራህን ወሎ ላይ አድርገህ ብትማር የሚከለክልህ የለም።

ከንባብ በአሸናፊ ከበደ ጀምር፤ የያሬድ የመጀመሪያው ዳይሬክተርና የሙዚቃ ተመራማሪ ነበሩ። ቀጥሎ ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 በማሲንቆና በቅኝት ላይ የሠራችው የዶክትሬት ጥናት አለ።

ጤናውና አኩስቲክሱ ሁለት የተለያየ ሙያ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1863 የሙዚቃ ድምፅን ከጆሮ አሠራር ጋር ያያዘበትን ሥራ ሲያወጣ ሥልጠናው የሐኪም ነበር። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ትከሻውን አመመኝ ካለ ከሰውነቱ በፊት የሚጫወትበትን ክፍልና የያዘውን መሣሪያ ለካ። የራሱ ድምፅ የማይሰማው ሰው ጉልበት ይጨምራል። ጅማቱም ጉሮሮውም የሚጎዳው በዚያ በተጨመረው ጉልበት ነው።

ድቤ_መቺ
የቧንቧ_ውሃን ነገር በቁጥር ላስረዳ። መጀመሪያ መለካት ያለብህ ሙዚቀኛው ጆሮ ላይ የሚደርሰውን ድምፅ ነው። ብዙ ተመራማሪ የሚሠራበት የናዮሽ (የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም) መመዘኛ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 97 ላይ 30 ደቂቃ፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ይህ ሁሉ በ«ኤ» ሚዛን ነው፤ መለኪያው ድምፁን የሰው ጆሮ በሚሰማው ልክ የሚመዝንበት ማለት ነው።

አሁን ሰርግ ውሰድ። ድንኳን ውስጥ፣ ከስፒከሩ አጠገብ፣ አማካዩ 94 ሆኖ 6 ሰዓት ቢቆይ ኪቦርዲስቱ የቀኑን ድርሻ ስድስት እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ወደ 8 ሰዓት አማካይ ሲቀየር 92.8 ዴሲቤል ይመጣል። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሑድ መልስ እያለ በተከታታይ ሲሆን ደግሞ ጆሮው የሚያርፍበት ጊዜ የለም።

አለካኩ፦ የድምፅ መጠን መለኪያው የትክክለኛነት ደረጃ ቢያንስ «ክላስ 2» ይሁን። ከመለኪያው ጋር 94 ዴሲቤል በ1000 ሄርዝ የሚሰጥ ማስተካከያ ግዛ፤ ከልኬቱ በፊትም በኋላም አረጋግጥበት። የሚለበስ ዶዚሜትር (ሰውየው ቀኑን የወሰደውን ድምፅ የሚደምር መለኪያ) ካገኘህ ማይኩን ድምፁ በሚበዛበት በኩል ትከሻው ላይ፣ ከጆሮው ቀዳዳ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ከትከሻው 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ እሰር።

የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ነጠላው ወይም ጋቢው ማይኩን ሲነካው ያ መፋተግ እንደ ድምፅ ይመዘገባል። የከበሮው ማንጠልጠያም ያንኑ ያደርጋል። ሜዳ ላይ ነፋስ አለ፤ ማይኩን የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ሳታለብስ አትለካ። ከሁሉ የከፋው መለኪያውን ተመልካቹ መሃል አቁሞ «የሙዚቀኛው ልኬት» ብሎ መጻፍ ነው። ሞኒተር ስፒከር ፊቱ ላይ የተደቀነበት ሰውና አሥረኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰሙም።

ፒያሳ_ስቱዲዮ
የስልክ አፕ አይበቃም? ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ አለው።

ድቤ_መቺ
ለማስተማሪያ ይበቃል፣ ለምርምር አይበቃም። የስልክ ማይክ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ ድምፁ ሲበረታ ራሱ ይቀንሰዋል ወይም ጫፉን ይቆርጠዋል፤ 105 የሆነውን 95 ብሎ ያሳይሃል። ከአንዱ የአንድሮይድ ስልክ ወደ ሌላው ደግሞ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ናዮሽ ራሱ ያወጣው አፕ ለአይፎን ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው። ስልክ መጠቀም ግድ ከሆነ ከትክክለኛ መለኪያ ጎን አስቀምጠህ በ70፣ በ80፣ በ90 እና በ100 ዴሲቤል ልዩነቱን መዝግብ። ልዩነቱ በአራቱም ላይ አንድ ካልሆነ ያ ስልክ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ዘ_ኮምቦልቻ
ስለ ክፍል እኔ ልቀጥል። የባህል ኪነት ቡድኖች ብዙ ጊዜ የሚለማመዱት በሲሚንቶ አዳራሽ ነው። ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 8፣ ቁመቱ 4 ሜትር ይሁን፤ ይዘቱ 384 ሜትር ኩብ። ወለል፣ ጣሪያና ግድግዳ ሲደመር 352 ካሬ ሜትር። ልስን ግድግዳና ሲሚንቶ ወለል ድምፅ የመምጠጥ አቅማቸው (ከ0 እስከ 1 ይለካል) በአማካይ 0.05 ቢሆን ጠቅላላው መምጠጥ 17.6 ይመጣል። በሳቢን ቀመር 0.161 × 384 ÷ 17.6፤ የማስተጋባት ጊዜው፣ ማለት ድምፁ ከቆመ በኋላ እስኪጠፋ የሚፈጀው፣ 3.5 ሰከንድ። ለዝግታ ዜማ ሊያምር ይችላል። ለከበሮና ለእስክስታ ልምምድ ግን አንዱ ምት ሳይጠፋ ሌላው ይደርብበታል፤ ዘፋኙ ቃሉን ለማሰማት ይጮኻል፣ ከበሮ መቺው ምቱን ለማውጣት ያጠነክራል፣ የሁሉም ድምፅ እየተሽቀዳደመ ይጨምራል።

30 ካሬ ሜትር ባና ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ በእጥፋት ስቀል። አቅሙን 0.5 ብንለው ጠቅላላው መምጠጥ 31 ገደማ ይደርሳል፤ ጊዜው ወደ 2 ሰከንድ ይወርዳል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚመላለሰው ድምፅም 2.5 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ድቤ_መቺ የጻፈውን ሰንጠረዥ ካየኸው ግን የተፈቀደው ሰዓት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

አሰቃቀሉ ዋናው ነገር ነው። ጨርቁን ግድግዳው ላይ ብትለጥፈው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይመጥና ክፍሉ የታፈነ ይመስላል፤ የከበሮው ወፍራም ድምፅ እንዳለ ይቀራል። ከግድግዳው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አርቀህ፣ የጨርቁን ስፋት ከሚሸፍነው ግድግዳ እጥፍ አድርገህ ስቀለው። ትይዩ ከሆኑት ግድግዳዎች ቢያንስ አንዱን ሸፍን፤ ሁለቱ ባዶ ከሆኑ ጭብጨባው «ጠጠጠ» እያለ ይመላለሳል።

ክረምት ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ሲወርድበት ልምምዱን ይውጠዋል። የበጋ ልኬትህን ይዘህ «ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው» አትበል።

ጦሳ_ስር
የማስተጋባት ጊዜውን ሳላሰላ በቀጥታ ለመለካትስ?

ዘ_ኮምቦልቻ
ላፕቶፕ፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሰማ የልኬት ማይክ፣ አንድ ጥሩ ስፒከርና በነፃ የሚገኘው ሩም ኢኪው ዊዛርድ ይበቁሃል። ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚንሸራተት ድምፅ ታጫውታለህ፣ ፕሮግራሙ የክፍሉን ምላሽ ያወጣልሃል። ስፒከሩን ሁለት ቦታ፣ ማይኩን ለእያንዳንዱ ሦስት ቦታ አድርግ፤ ማይኩ ከግድግዳ ከ1 ሜትር ያላነሰ ይራቅ፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር። ከ125 እስከ 4000 ሄርዝ በየኦክታቩ (ሄርዙ እጥፍ በሆነ ቁጥር) ለይተህ መዝግብ፤ አንድ አማካይ ቁጥር ምንም አይነግርህም። ፊኛ ማፈንዳትም ይቻላል፣ ግን ወፍራሙ ድምፅ ላይ ጉልበት የለውም። ጄኔሬተር ውጭ እየሠራ ከሆነ ተወው፤ መጨረሻው በጩኸቱ ስለሚሸፈን ጊዜው ረዝሞ ይታይሃል።

የደብር_ልጅ
ስለ ፊኛው አንድ ማስጠንቀቂያ። ላሊበላ ሄዶ ይህን ለማድረግ የሚያስብ ካለ አይሞክረው። አብያተ ክርስቲያናቱ የሚጸለይባቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮም በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከደብሩ አስተዳዳሪና ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይያዝ ማይክ እንኳ አይዘረጋም። ከተፈቀደም የሚሻለው ማይኩን በአንድ ጥግ አቁሞ ማኅሌቱን እንዳለ መቅዳት ነው። ደግሞም ባዶ ቤት ውስጥ የተለካው ለጤና ጥናት ብዙ አይጠቅምም፤ ሕዝቡ ነጠላውን ለብሶ ሲቆም ድምፁ ሌላ ነው።

ጤናውን በሚመለከት፣ ማኅሌት ላይ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ ጸናጽል፦ ድምፁ ቀጭንና ሹል ነው፣ የሚወዛወዘውም ለጆሮ ቅርብ ነው፤ በያዘው ሰው ጆሮ በኩል ለብቻው ይለካ። ሁለተኛ ከበሮ፦ ቆሞ የሚመታው በአንገቱ አንጠልጥሎት ነው፤ ማንጠልጠያው ቀጭን ገመድ ከሆነ ክብደቱ ሁሉ አንገት ሥር ባለች አንዲት መስመር ላይ ያርፋል። ሰፊ ማንገቻ አንገትንና ትከሻን ያካፍላል። ሦስተኛ መቋሚያ፦ ስሙ እንደሚለው መደገፊያ ነው፤ ለባለቤቱ ቁመት ካጠረ ሌሊቱን ሙሉ ወገቡን አጎንብሶ ያሳልፋል። የመቋሚያውን ርዝመትና የሰውየውን ቁመት ለክታችሁ ከወገብ ሕመም ጋር አስተያዩት። በሜትር ብቻ የሚሠራ ጥሩ ጥናት ነው።

ማሲንቆ_ዘወረኢሉ
የደብር_ልጅ እግዜር ይስጥልኝ። ማሲንቆን በተመለከተ ሁሉም ሰው የሚስተው እርጥበቱን ነው። ሳጥኑ የተወጠረበት ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ ይላላል፤ ጭራውም ይረዝማል። ድምፁ ያኔ ወደ ውስጥ ይቀራል። ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? ደጋኑን ይጫነዋል፣ ዕጣን ይጨምርበታል፣ ቀኝ ትከሻውን ወደ ላይ ይሰበስባል። በሐምሌና በነሐሴ የቀኝ ትከሻና የአንገት ሕመም ከጠየቅህ ከቆዳው ነጥለህ አትየው። የእርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው፤ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ሙቀቱንና እርጥበቱን ጻፍ። ቆዳውን ፀሐይ ላይ ወይም ከእሳት ራቅ አድርጎ ማሞቅ ድምፁን ይመልሳል፤ እሳቱ ላይ ካስጠጉት ግን ቆዳው ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል።

የአቀማመጡን ነገር ከጎን ፎቶ አንስተህ እየው። ሳጥኑ ጉልበትና ጭን መሃል ይያዛል፣ ግራ እጅ ጭራውን ከጎን ይነካዋል እንጂ እስከ እንጨቱ አይጫነውም። ስለዚህ የግራ ጣት ጫና ትንሽ ነው፤ የሚደክመው አንጓው ነው፣ ታጥፎ ስለሚቆይ። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ የተቀመጠ አዝማሪ ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ይሆንና ወገቡ ይጎብጣል፤ ፊቱን ወደ እንግዳው ሲያዞር ደግሞ አንገቱ ይጠመዘዛል። በርጩማውን ጉልበቱ ከዳሌው እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ እስኪል ማስረዘም ምንም የማያስከፍል መፍትሔ ነው።

ክራር_አምባሰል
ለክራር ሁለቱን አያያዝ ለይ። በግርፍ (ክሮቹን አንድ ላይ እየመታ) የሚጫወት ሰው ቀኝ አንጓውን ያመላልሳል፣ ግራ ጣቶቹ የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው ይቆያሉ። በድርደራ (ክሮቹን በጣት አንድ በአንድ እየነካ) የሚጫወት ደግሞ ጣቶቹን ነው የሚያለፋው። በኤሌክትሪክ ክራር ላይ የብረት ክር ሲገባ ውጥረቱም ይጨምራል። መጠይቅህ «ክራር ተጫዋች» ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ ካጨቀ ውጤቱ ይደፈርሳል።

ሌላው፦ ሕመም የሌለበት ችግርም አለ። አንድ ጣት ሲጫወቱ ብቻ በራሱ ይታጠፋል ወይም አልታዘዝ ይላል፤ ሻይ ሲቀዱ ወይም ሲጽፉ ደህና ነው። ፎካል ዲስቶኒያ ይባላል፣ መነሻው ከአንጎል የእንቅስቃሴ ቁጥጥር ነው። ልምምድ ማብዛት አያድነውም፣ ሊያባብሰው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠመህ መታሸት ሳይሆን የነርቭ ሐኪም ጋ ላከው።

እህተ_ሐይቅ
እኔ በጤናው በኩል ልጨምር። ለአጥንትና ጡንቻ ኖርዲክ የሚባለው መጠይቅ አለ፤ ባለፉት 12 ወራትና ባለፉት 7 ቀናት በየአካሉ ክፍል ይጠይቃል። ለድምፅ 30 ጥያቄ ያለው የድምፅ ችግር መለኪያ አለ። ሁለቱም ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሁለት ሰው ለየብቻ ይተርጉማቸው፣ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ዋናውን ሳያይ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያዙራቸው።

ወረቀቱ ግን ብቻውን አይሠራም። እዚህ አገር ሰው «ደህና ነህ?» ሲባል «አልሐምዱሊላህ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ፤ እያመመውም ቢሆን። ስለዚህ የሰውነት ሥዕል ስጠውና በጣቱ ያሳይህ። ቀጥለህ ያቆመውን ጠይቅ፦ የትኛውን ዘፈን ትተሃል? ከስንት ሰዓት በኋላ ታርፋለህ? ሥራ ያስቀረህ ቀን ነበር?

የድምፅ ምርመራ ቀላሉ፦ አየር በረጅሙ ወደ ውስጥ ስቦ በአንድ ትንፋሽ «ኣ» እያለ ይቆይ፣ ሦስት ጊዜ፣ ትልቁን ያዝ። አዋቂ ሰው ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ ማየት ያስፈልጋል። ማይኩን ከአፉ 30 ሴንቲ ሜትር አድርገህ ቅዳውና ፕራት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ተንትነው። ቅጂው በ48 ኪሎ ሄርዝ፣ 24 ቢት፣ ዌቭ ይሁን፤ በቴሌግራም የተላከ ድምፅ የተጨመቀ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መጎርነን ካለ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም በመሣሪያ ማየት አለበት፤ ተልባና ማር እየጠጡ መጠበቅ አይገባም።

የመንዙማ ቤትን ለብቻው ተመልከተው። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ አውጪውም ተቀባዩም ድቤውን አልፎ መሰማት አለበት። ጫቱ አፍ ያደርቃል፣ የዕጣኑና የከሰሉ ጭስ በዝግ ክፍል ውስጥ ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፤ ከሰሉ ደግሞ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስላለው መስኮት መከፈቱ የጉሮሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየመሃሉ ውሃ መጎንጨት፣ አውጪውን ማፈራረቅ፣ ድቤውን ከአውጪው ጆሮ አንድ ሁለት ሜትር ማራቅ ሥርዓቱን አይነካውም። ይህን ግን ሼኩንና ጀማውን አስፈቅደህ፣ ከእነሱ ጋር ተመካክረህ እንጂ ከውጭ መጥተህ አታዝዝም።

የባቲ_ልጅ
ሙቀት ተነሳ እንጂ ቅኝቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ አልተባለም። በአየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት ነው፤ የቦታው ከፍታ በራሱ አይቀይረውም። በየአንድ ዲግሪው የዋሽንት ድምፅ 3 ሴንት ገደማ ይወጣል (100 ሴንት ግማሽ ድምፅ ነው)። ደሴ በጠዋት በ12 ዲግሪ የተቃኘ ዋሽንት ባቲ በ30 ዲግሪ ሲነፋ አየሩ ብቻ 53 ሴንት ያወጣዋል። ትንፋሹ ውስጡን ስለሚያሞቀው እውነተኛው ልዩነት ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ከኪቦርዱ ጋር ፎርሽ ይሆናል። የክራር ክር ደግሞ ሙቀት ሲነካው ይላላና ይወርዳል። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ወረደ፣ ዘፋኙ መሃል ቆሞ ጉሮሮውን ያስጨንቃል። መፍትሔው የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች መያዝና ዘፋኙን አንድ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ነው።

ለቅኝት ጥናትም ይኸው ነው። አምባሰልን ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ብለን እንጽፋለን፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን በፒያኖ ልክ አይቆምም። ታርሶስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የተጫወተውን እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት ቆጥሮ ያሳይሃል። የሙቀት መዝገብ ከሌለህ የባቲውንና የወረኢሉውን ዋሽንት ቅጂ ማወዳደር አትችልም።

ቧንቧ_ውሃ
ወደ ሙያው ልመልሳችሁ። ጦሳ_ስር፣ ብቻህን አትሥራ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ደሴ ነው፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ። ከአንዱ የጤና ተባባሪ፣ ከሌላው መሐንዲስ ያዝ። የሰው ጆሮና ጉሮሮ ልትመረምር ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃድ ከመስክ ሥራ በፊት ይወጣል፤ በኋላ የሚወጣ ፈቃድ የለም። ፕሮፖዛልህ ጠባብ ይሁን፦ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት ቦታ፣ አንድ የጤና ጥያቄ። «የወሎ ሙዚቀኞች ጤና» ብለህ ካቀረብክ ይመለስብሃል።

ኑሮውን ከፈለግህ ደግሞ ደመወዙ ከመምህርነት ነው የሚመጣው። አኩስቲክሱን የምታውቅ ከሆነ ስቱዲዮ፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ማማከር ይጨምርልሃል።

አንድ ነገር አደራ። የመስማት ምርመራ ውጤት የሙዚቀኛው ነው። ለቡድን መሪው ወይም ለቀጣሪው አሳልፈህ እንዳትሰጥ፤ አንድ ሰው ጆሮው ደክሟል ከተባለ እንጀራው ይቀራል። አዝማሪና ላሊበላ (በየደጁ እየዞረ የሚዘፍነው) ብዙ ዘመን ተንቆ የኖረ ባለሙያ ነው፤ ሰዓቱን ስትወስድበት ክፈለው።

እህተ_ሐይቅ
የመስማት ምርመራውን ሙዚቀኛው ቢያንስ 14 ሰዓት ከከባድ ድምፅ ርቆ ከቆየ በኋላ አድርጉ፤ የሰርግ ማግስት የተደረገ ምርመራ ጊዜያዊውን ድካም ከቋሚው ጋር ይቀላቅላል። 3000፣ 4000 እና 6000 ሄርዝ አይዘለሉ፤ የድምፅ ጉዳት መጀመሪያ የሚታየው 4000 አካባቢ ነው።

ፒያሳ_ስቱዲዮ
ጥያቄ፦ ብዙ ተጫዋቾች ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወይም ሶፍት ይወትፋሉ። ይረዳል?

ድቤ_መቺ
አይረዳም። ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ያደበዝዘዋል፣ ጉልበቱ ግን ያልፋል። የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያደርገው ስፖንጅ መሰኪያ በደንብ ይከላከላል፤ ችግሩ ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ስለሚቀንስ ሙዚቀኛው «አልሰማም» ብሎ ይነቅለዋል። ለሙዚቀኛ የሚሠራው ማጣሪያ ያለው መሰኪያ ነው፤ 9፣ 15 ወይም 25 ዴሲቤል ከወፍራሙም ከቀጭኑም እኩል ይቀንሳል። ለማሲንቆና ለዘፋኝ 9 ወይም 15፣ ለከበሮ መቺና ከስፒከር ፊት ለሚቆም 25። ስፖንጁ ብቻ ከተገኘ በጣት አንከባልለህ አጥብበው፣ በሌላው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳበው፣ አስገብተህ 30 ሰከንድ ያዘው። ከዚያ አፍህን ዘግተህ «እምም» በል። ድምፅህ ራስህ መሃል ላይ ከገነነ ሁለቱም ተቀምጠዋል፤ ወደ አንድ ጎን ካደላ በተቃራኒው በኩል ያለው እያሾለከ ነውና አውጥተህ እንደገና አስገባው።